መሃል ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከአክስቴ አጠገብ

ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከብም ቢሆን ከፎቶ በቀር አላየሁም። ሥራዬ ግን ለሰው የመርከብ ክፍል መምረጥ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ "ክፍሌ አልተመቸኝም" ብሎ የተመለሰብኝ ደንበኛ የለም። የጉዞ ቢሮው ሥራ አስኪያጅ "ካፒቴን" ይለኛል። ለቀልድ ነው። ደንበኞች የምር ስለሚመስላቸው አላስተባብልም።

እውቀቴን ያገኘሁት ከቅሬታ ነው። ስቀጠር የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ፣ አንድ የብረት መደርደሪያ ውስጥ የታጨቁ የቅሬታ ደብዳቤዎችን በየቀናቸው መደርደር ነበር። መደርደሩን ትቼ ማንበብ ጀመርኩ። የተደሰተ ሰው ሁለት መስመር ይጽፋል፤ "በጣም ቆንጆ ነበር፣ እናመሰግናለን።" ከዚህ ምን ይማሯል? የተናደደ ሰው ግን የክፍሉን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ከራስጌው እስከ ግድግዳው ስንት ስንዝር እንደሆነ ሳይቀር ይነግርሃል። አንዱ ከመዋኛ ገንዳው ሥር ያለ ክፍል ይዞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጭንቅላቱ ላይ ወንበር ሲጎተት ሰነበተ። አንዷ "ባሕር የሚያሳይ መስኮት" ተብላ፣ ሰባት ቀን ሙሉ የነፍስ አድን ጀልባ ሆድ ስታይ ከረመች። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ መስኮት የሌለው ክፍል ደርሷቸው፣ ቀኑና ሌሊቱ ስለተምታታባቸው፣ በፒጃማ ቁርስ ልበላ ብለው ቢወርዱ ሰዉ ከረባት አስሮ እራት ሲበላ ደረሱ።

ይህን ሁሉ እየሰበሰብኩ በየመርከቡ ፕላን ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ሰው መጥቶ "ጥሩ ክፍል ፈልግልኝ" ሲለኝ ጥሩ ክፍል አልፈልግም። እስከ ዛሬ ማንም ያልረገመውን ክፍል ነው የምፈልገው።

ወደ ቤተሰቤ ልምጣ። እናቴና ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሱቅ ውስጥ ሠሩ፤ እናቴ ልክ ትወስዳለች፣ አክስቴ ትቆርጣለች፣ ስፌቱን ይካፈሉታል። የሱቁ ደንብ ልክ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል የሚል ነበር፤ ሲታዘዝ አንዴ፣ ሊቆረጥ ሲል ደግሞ አንዴ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ቬሎ ሠሩ። በሰርጉ ማለዳ ዚፑ አልዘጋ አለ። ወገቡ ላይ አራት ሳንቲ ሜትር ጠቧል። ሙሽራዋ ጀርባዋን በሻርፕ ሸፍና ተዳረች።

እናቴ "እኔ የለካሁት ልክ ነው፤ አቆራረጧ ነው" አለች። አክስቴ "እኔ የተጻፈልኝን ነው የቆረጥኩት፤ አለካኳ ነው" አለች። ሆድና ጀርባ ሆኑ። አክስቴ ማሽኗን አሸክማ ሁለት መንገድ ተሻገረችና የራሷን ሱቅ ከፈተች። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ ነው።

"አክስትህን ሰማያዊ ክር ካላት ጠይቅልኝ።"

"ለእናትህ፣ ሰማያዊ ክር እንዳለኝ ማን ነገራት በላት።"

እህትማማችነታቸው ቀርቶ አንዷ "እናትህ"፣ አንዷ "አክስትህ" ሆነው ቀሩ።

ታላቅ ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባሕርን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስሉ ኖረው፣ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው እውነተኛውን ማየት አማራቸው። ሁለቱን እህቶቻቸውን ይዘው ለአንድ ሳምንት በመርከብ ሊንሸራሸሩ ወሰኑ። አንዷ ብትቀር ሁሉም ነገር ይቀራል ብለው ለሁለቱም በየተራ ማሉ።

"ክፍሎቹን አንተ ምረጥ" አሉኝ ቢሮ መጥተው። "እነዚህ ሁለቱ እንደተኳረፉ እንዳይለያዩብኝ።"

"ጋሼ፣ እኔ ክፍል ነው የምመርጠው። አስታራቂ አይደለሁም።"

"ምረጥ አልኩህ እንጂ አስታርቅ መቼ አልኩህ? ግን ጊዜ የለም።"

ጊዜ የለም ያሉት እውነታቸውን ነው። አክስቴ ከጉዞው መልስ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተሂዶ ወደሚደረስበት የልጇ ከተማ ጠቅልላ ልትገባ ነበር። ማሽኗ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በገመድ ታስሯል። ተኳርፈው ከተለያዩ ደግሞ በስልክ የሚታረቁ ዓይነት አይደሉም፤ ሁለቱም "እሷ ትደውል" እያሉ ያረጃሉ። እኔ በበኩሌ ለሁለት ስፌት ቤት የክር መልእክተኛ ሆኜ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እሱስ ምንም አይደል። ግን እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና የምትልበትን አኳኋን አይቻለሁ። አክስቴ ሳትሰናበታት ከሄደች ያ ቀና ማለት ዕድሜ ልኳን ይቀጥላል።

መጀመሪያ የመጣችው እናቴ ናት። ጠዋት አብረን ቁርስ በልተን የተለያየን ሰዎች፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደማታውቀኝ ተቀመጠች።

"እንደሚያውቁት" አለችኝ፤ ቢሮ ውስጥ አንቱ ትለኛለች፤ "እኔ ዥዋዥዌ ላይ እንኳ ያስመልሰኛል።"

"መሃል ላይ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ነው የምሰጥሽ። መርከብ የሚወዛወዘው ጫፍና ጫፉ ነው፤ ከፍ ባልሽ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ጣውላ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ልጅ ተቀምጦ ከፍ ዝቅ ሲል መሃሉ የት ይሄዳል?"

"የትም።"

"እዚያ ላይ ነው የማስቀምጥሽ። ከላይሽም ከሥርሽም ሰው የሚተኛበት ክፍል ነው፤ ጭፈራ ቤትም፣ ወጥ ቤትም የለም።"

"መድኃኒቴስ?"

"በእጅ ቦርሳ። ሻንጣሽን ወደቡ ላይ ይቀበሉሽና ክፍልሽ የሚያደርሱልሽ አመሻሽ ላይ ነው። መድኃኒት፣ መነጽር፣ ፓስፖርት፣ አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጅሽ እንዳይወጣ። ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ ነው ወደቡ ያለበት ከተማ የምትገቡት። አውሮፕላን ሊዘገይ ይችላል፤ መርከብ ግን ለማንም አይቆምም።"

"ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?" አንቱታው ተረሳት።

"የተናደዱ ሰዎች።"

ተነስታ በሩ ጋ ደረሰችና፣ ድንገት ትዝ እንዳላት ሆና ዞረች። "አክስትህስ የት ናት?"

"ከአንቺ ሩቅ። ጫፍ ላይ።"

እፎይ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አጨማደደች። "ጫፍ ይወዛወዛል አላልክም?"

"እሷን አያስመልሳትም።"

"ባያስመልሳትስ? ጉልበቷን ያማታል። በዚያ ጉልበቷ ከጫፍ እስከ ምግብ ቤቱ ልትመላለስ ነው? እኔ ስለ እሷ ምን ቸገረኝ። ስለ ጉልበት ነው የማወራው።"

በማግስቱ አክስቴ መጣች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። የምትሄድበትን ሁሉ ልትለካ የመጣች ትመስላለች።

"እናትህን የት ጣልካት?"

"ከአንቺ ሩቅ። ጫፍ ላይ።" ውሸቱ አንድ ስለሆነ ለማስታወስ አልተቸገርኩም።

"ሲያስመልሳት ማን ሊይዛት ነው?"

"የክፍል አስተናጋጅ አለ።"

"አስተናጋጅ!" አለች፤ ስድብ አስመስላ። "እሷ እኮ ግንባሯን ካልያዙላት አታቆምም። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ የማውቃት። ይሄን የምልህ ለአስተናጋጁ እንድትነግረው ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልህ።"

እዚህ ላይ የሙያ ምስጢር ልናገር። ደብዳቤዎቹን ካነበብኩ ወዲህ ለማንም ደንበኛ ሰጥቼው የማላውቅ አንድ ዓይነት ክፍል አለ። ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ሆነው በመካከላቸው የሚያገናኝ በር ያላቸው ናቸው። ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ታስቦ የተሠራ ነው። በሩ ስስ ነው። የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ማንኮራፋት፣ ጎረቤት ለሚስቱ "ቁልፉን አንቺ ነሽ የያዝሽው" ሲል ሁሉ ይሰማል። ከመደርደሪያው ወፍራሙ ማህደር የዚህ በር ማህደር ነው። በሩ ተቆልፎ ይኖራል፤ አስተናጋጁ የሚከፍተውም ሁለቱም ክፍሎች ሲጠይቁ ብቻ ነው። አንዱ ወገን ቢለምን ቢያለቅስ አይከፈትም።

ዘጠኝ ዓመት ሰውን ከዚህ በር ሳሸሽ ኖሬ፣ ለእናቴና ለአክስቴ ያዝኩላቸው። አጎቴን በእናቴ በኩል አጠገባቸው አደረግኳቸው፤ ታዛቢ ያስፈልጋል። ቀኑንም የመረጥኩት መርከቡ ጢም ብሎ የሚሞላበትን ነው፤ ልቀይር የሚል ቢመጣ የሚቀየርበት ክፍል እንዳይኖር።

አክስቴ ፕላኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ጨርቅ ላይ እንደተዘረጋ ፓተርን፣ እንደ ልብስ መቁረጫ ወረቀት፣ በመዳፏ አለሰለሰችው። የራሷን ክፍል አገኘችና ጣቷን በግድግዳው መስመር ላይ እየነዳች ሄዳ አንድ ቦታ ቆመች። እዚያ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ አፍ ለአፍ ገጥመዋል። የዚያ በር ምልክት ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁም ሳጥን ነው።"

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። "ቁም ሳጥን።"

"አዎ።"

"ጥሩ" አለች፤ ፕላኑን መልሳ እየገፋችልኝ። "ልብስ ይዤ ነው የምሄደው።"

ሄዱ። አጎቴ ከየወደቡ መልእክት ሊልኩልኝ ተስማምተን ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

"ተሳፍረናል። እህቶቼ በራቸውን እኩል ከፍተው ኮሪደሩ ላይ ተፋጠጡ። እናትህ ስለ አንተ የተናገረችውን አልጽፈውም፤ መምህር ነበርኩ። ክፍል ይቀየርልኝ ብላ ወርዳ ነበር፤ መርከቡ ሙሉ ነው አሏት። አክስትህ ግን እኔ አልነቃነቅም፣ ያልተመቻት ትዋኝ ብላለች።"

በዚያው ቀን ሁለተኛው ደረሰ፦ "እናትህን አስመለሳት። መርከቡ ገና አልተነሳም። በገመድ እንደታሰረ ነው።"

ለታሰረ መርከብ የሚሆን ምክር አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ቅሬታ የጻፈ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ወደብ የማይነካበት ጉዞ ነበርና ድምፃቸው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ "ቅሬታ አለ?" ይላል። "የለም" እላለሁ። ምሳ አልወርድልህ አለኝ። አንዲት ደንበኛ ስለ በረንዳ ስትጠይቀኝ ስለ ግንባር ማውራት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን ረጅሙ መጣ። አጎቴ ተናደው ሲጽፉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሆናሉ።

"ለካፒቴኑ። ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ።

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ በትናንትናው ዕለት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት፣ ከግድግዳው ወዲያ እናትህ ስታቃስት ሰማሁ። ቀጥሎ የአክስትህ ድምፅ ከዚያኛው ክፍል መጣ። 'ግንባርሽን ያዢ' አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ እሱንም ለበሩ ነው የተናገረችው።

እናትህ 'በምን እጄ? ባልዲ ይዣለሁ' አለች።

'ታዲያ በሩን አስከፍቺ!'

'አንቺ አስከፍቺ!'

አስተናጋጁ ተጠራ። ሁለታችሁም መጠየቅ አለባችሁ አለ። መጀመሪያ ማን ትጠይቅ የሚለው ክርክር፣ በእጅ ሰዓቴ እንደያዝኩት፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አስተናጋጁ ቁልፉን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ እናትህ፣ በደከመ ድምፅ፣ 'እትዬ' አለች። ከአልጋዬ ቀና አልኩ።

'እትዬ፣ ሁለተኛውን ልክ አልወሰድኩም።'

'የማንን?'

'የዚያችን ሙሽራ። ነይ ብላት ሥራ በዛብኝ አለች፣ ነይ ብላት ሥራ በዛብኝ አለች። ከሦስት ወር በፊት የለካሁትን ገልብጬ ለክቻታለሁ ብዬ ሰጠሁሽ።'

መርከቡ የሚፈነዳ መስሎኝ ነበር። አክስትህ ግን 'የመጀመሪያ ልጇን የአንድ ዓመት ልደት ቀሚስ እኮ የሰፋሁላት እኔ ነኝ' አለች። 'ልጅቷ የተወለደችው ከሰርጉ በአምስተኛው ወር ነው። እኔም ይሄን በኋላ ባውቅም፣ እህቴ በመጨረሻው ሳምንት ለክታለች፣ ሆዱም ከነልኩ ተለክቷል ብዬ ተውኩት።'

ሁለቱም ዝም አሉ። ሲቆጥሩ ሰማሁ ብል ይከብደኛል፤ ግን ዝምታው የመቁጠር ዝምታ ነበር።

'ለካ ለዚህ ነው ሥራ የበዛባት!' አለች እናትህ።

ከዚያ ሳቁ ተነሳ። በሳቁ መካከል ሁለቱም በአንድ ቃል 'ክፈትልን!' ብለው ጮኹ፤ አስተናጋጁም ከፈተ። ግንባር ተያዘ።

ቅሬታዬ ከዚህ ይጀምራል። ከትናንት ጀምሮ አላቆሙም። የስድስት ዓመት ወሬ በተርታ እየተወራ ነው፤ አሁን ሁለተኛው ዓመት ላይ ደርሰዋል። ስለ ሰማያዊ ክር ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ተወርቷል። እናትህ ሕመሟ ጠፍቷል፤ ለመታመም ፋታ የላትም። እኔ ለሰባኛ ዓመቴ የለመንኩት እንዲነጋገሩ ነው። ምን ያህል እንደሚነጋገሩ አልወሰንኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባሕሩ ቆንጆ ነው ይላሉ። እባክህ ክፍል ቀይርልኝ።"

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ቅሬታ አለ?"

"አለ" አልኩት። "አንድ።"

በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ስለሆነ ገብቶ ተቀመጠ። አነበበው። ሲጨርስ ተነስቶ ሄደና ከበሩ ማዶ መሐረቡን ሲያወጣ አየሁት። መልእክቱን አትሜ መደርደሪያው ውስጥ ልከተው አሰብኩና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለአጎቴ "መርከቡ ሙሉ ነው" ብዬ መለስኩላቸው።

በተመለሱ በአራተኛው ቀን አክስቴ ብቻዋን ቢሮ መጣች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። ብብቷ ሥር የተጠቀለለ ትልቅ የፓተርን ወረቀት ይዛለች። ተቀመጠችና ሰላምታውን ሳትጨርስ ጀመረች።

"አንተ፣ አርባ ዓመት ፓተርን ቆርጫለሁ። ጠርዝ ላይ ሦስት ማዕዘን ካየሁ፣ ፊት ለፊቱም ሌላ ሦስት ማዕዘን ካለ፣ ሁለቱ ጨርቆች የሚገጣጠሙት እዚያ ጋ ነው። ለልጅ የሚነገር ነገር ነው ይሄ። አንተ ቁም ሳጥን አልከኝ።"

ጆሮዬ ጋለ። "አውቀሽ ነበር?"

"ከወዲያ ማን እንዳለም አውቄያለሁ። እናትህን ጫፍ ላይ የምታስቀምጥ ሰው አይደለህም፤ ዥዋዥዌ ላይ ማስመለሷን እያወቅክ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ክፍል መራጩ አንተ፤ እኔ ምን አገባኝ?" ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች። "አሁንም ክፍል እንድትመርጥልኝ ነው የመጣሁት።"

ሳጥን ውስጥ የታሰረው ማሽን ታወሰኝ። በልጇ ቤት የትኛው ክፍል ይሻለኛል ልትለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። በእርሳስ የተሳለ ቤት ነው፤ መስመሩ እንደ መቀስ መንገድ ቀጥ ያለ። መንገድ ላይ የወጣ መስኮት፣ ቀጥሎ ሰፊ ክፍል፣ ከጎኑ ባዶ ክፍል። አጎንብሼ አየሁት። ያንን መስኮት አውቀዋለሁ፤ መስታወቱን ስንት ጊዜ ወልውያለሁ።

"ይሄ የእማዬ ሱቅ ነው።"

"ነው። ከጎኑ ያለው ዕቃ ቤት ባዶ ነው አለችኝ እህቴ። ማሽኔ እዚህ ጋ ቢሆን፣ አልጋዬ እዚህ ጋ። ምን ትላለህ?"

እህቴ አለች። እናትህ አላለችም።

"ልጅሽስ?"

"እየመጣች ትየኝ። ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ነው፤ መሃል ወንበር ምረጥላት።"

ሥራ ሥራ ነውና፣ ፕላኑን እንደ ወጉ መረመርኩት። "ከላዩ የመዋኛ ገንዳ የለበትም" አልኩ። "ወጥ ቤት ይርቃል። ዝቅ ያለ ነው። መሃል ላይ ነው። መስኮቱ ጀልባ አያሳይም።"

"እሺ።"

"ማንም የረገመው ክፍል አይደለም።"

"ሌላስ?"

በሱቁና በዕቃ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ በጣቴ ተከተልኩ። ያ ግድግዳ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ድፍን ነው። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖችን፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ፣ አፍ ለአፍ አጋጥማ ስላቸዋለች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

"ቁም ሳጥን ነው" አለች። "ልብስ ይዤ ነው የምገባው።"